ስም የሌለውን ሰውዬ እንዴት ልመዝነው?

አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) የምታዩ እስቲ እርዱኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው «ሞኖኖኬ» በሚባለው ተከታታይ ላይ (የዳይሬክተሩ ሚያዛኪ «ልዕልት ሞኖኖኬ» ፊልም አይደለም) ግምገማ እየጻፍኩ ገጸ ባሕርይ ላይ ስደርስ ቀጥ አልኩ። ሥዕሉ አላስቸገረኝም፤ የድሮ የጃፓን የእንጨት ህትመት ይመስላል፣ ቀለሙማ ጉድ ነው። ታሪኩም ደህና ነው፦ 12 ክፍል፣ 5 ጉዳይ። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ክፉ መናፍስትን እየተዋጋ የሚዞረው መድኃኒት ሻጭ፣ የመንፈሱን መልክ፣ እውነትና ምክንያት ካላወቀ ሰይፉን መምዘዝ ስለማይችል ከፍልሚያው ይልቅ የሰዎቹ በደልና ምስጢር ነው ልብ የሚሰቅለው። ግን ሰውዬው ስም የለው፣ ያለፈ ታሪክ የለው፣ ከክፍል ክፍል አይለወጥ! በተለመደው መስፈርት ዝቅተኛ ነጥብ ልሰጠው ነው፣ እሱ ደግሞ ግፍ ይመስለኛል። በየጉዳዩ የሚመጡትን ሰዎች ብቻ ልመዝን ወይስ እሱንም? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?