የሴፍቲኔት ገንዘብ ድህነትን ይቀንሳል ወይስ ዓመቱን ብቻ ያሻግራል?

ሰብለ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ምርታማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለባቸው የገጠር ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ምትክ ብር ወይም እህል የሚሰጠው ፕሮግራም፣ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ የመንግሥትም የለጋሾችም ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል። በብዙ ቀበሌ ግን ያው ቤተሰብ በየዓመቱ ዝርዝሩ ላይ ይገኛል። በአንድ ወረዳ ገንዘቡ ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ለማወቅ ምኑን ልመርምር?

መላኩ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፔይሮሉን (የክፍያ ዝርዝሩን) ከቤተሰብ ምዝገባው ጋር ያመሳክሩ። የተለመደው ስሌት በሰው ነው፦ ለአንድ ሰው በወር የ5 ቀን ሥራ፣ ለቀኑ 3 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኙ ብር፣ በዓመት ለ6 ወር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 75 ኪሎ ይገባዋል ማለት ነው። ኮታው ሲያንስ ግን ቀበሌው ለብዙ ሰው ይዳረስ ብሎ ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ ይመዘግባል። 45 ኪሎው ለአምስት ሲካፈል ለአንዱ 9 ኪሎ ይደርሰዋል። በዚህ የጎደለውን ቀዳዳ እንኳ መድፈን አይቻልም፤ በጓ መሸጧ አይቀርም። በሪፖርቱ ላይ ግን ቤቱ «ተጠቃሚ» ነው!

ቀጥሎ የክፍያውን ቀን ይዩ። የመጋቢት ክፍያ ሰኔ ላይ ከደረሰ ቤተሰቡ እስከዚያው ከአራጣ አበዳሪ ወስዶ በልቷል፤ ብሩ ሲመጣ ለዕዳ ይሄዳል። ለማዳበሪያም ለዘርም አይተርፍም።

ትዕግሥት፦ በመላኩ ላይ ልጨምር፤ በብር ከሆነ የገበያ ዋጋም ይታይ። ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ነበር፣ 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ። በ2000 ዓ.ም ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም እህሉ በጣም ቀድሞት ወጣ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከክፍያው ጎን ያለው የኑሮ ማሻሻያ ብድር ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ያጠናቸው ጥናቶች፣ ክፍያውን ከጥሪት መፍጠሪያ ድጋፍ ጋር ያገኙት የበለጠ መሻሻላቸውን አሳይተዋል። የብድሩ ጊዜ ከሥራው ጋር ካልገጠመ ግን ጉዳት አለው። ጊደር ገዝተህ በዓመት መልስ የተባለ ሰው ሳትወልድ ይሸጣታል። ለአጭር ብድር በሦስት ወር ገደማ ለገበያ የሚደርስ የበግ ማድለብ ይሻላል። እሱንም ለቀበሌው ሁሉ በአንድ ሳምንት አትስጡ፤ ሲገዙ ዋጋው ይንራል፣ በአንድ ላይ ሲሸጡ ይወድቃል።

ጌታሁን፦ ለክፍያው የሚሠራውን የማኅበረሰብ ሥራም አትርሱት፤ የገንዘቡ ግማሽ ትርጉም እዚያ ነው። እርከን ከተፋሰሱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች ካልወረደ የላይኛው ጎርፍ የታችኛውን ያፈርሰዋል። ዳሩ ላይ ሣር ካልተተከለና ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ደግሞ ከብት ይረግጠዋል፤ በሚቀጥለው ጥር ያው ቦታ እንደገና ይቆፈራል፣ እንደ አዲስ ሥራም ይመዘገባል።

ሰብለ፦ አመሰግናለሁ። ታዲያ ቤተሰብ ያለአግባብ ቢቀነስ አቤቱታው ለማን ነው?

መላኩ፦ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ። ዝርዝሩ በአደባባይ ሲነበብ ወዲያው ይቅረብ፤ ፔይሮሉ ወረዳ ከተላከ በኋላ ማስተካከሉ ይከብዳል።