ምዕራፉን ለአያቷ ትተርክላት

ጥያቄ፣ ከሽቱትጋርት

ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ልጆቼን ይዤ ከደሴ የመጣሁ ነኝ። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ሰባት። ጀርመንኛውን ከእኔ ቀድመው ይዘውታል፤ አማርኛቸው ግን ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ነው። መምህሯ ልጅቷ በምዕራፍ የተከፈሉ ረጃጅም መጻሕፍት ማንበብ ትጀምር ብላኛለች። ዘመን ያልሻራቸው የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? አማርኛዋንስ ጭራሽ አያስረሷትም? እናቴ ደሴ ናት። ስንደውል ልጆቹ "ሰላም ነው፣ ደህና ነን" ብለው ስልኩን ለእኔ ይሰጡኛል።

መልስ፣ ከደሴ

እህት ዓለም፣ የምጽፍልሽ ከዚሁ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። የእህቴ ልጆችም እዚያው ጀርመን ስለሆኑ ጭንቀትሽን አውቀዋለሁ። አብሽሪ። በጀርመንኛ ማንበቧ አማርኛዋን አያስረሳትም፤ ያነበበችውን በአማርኛ የምትተርክለት ሰው ካላት እንዲያውም ያበረታላታል። ያ ሰው ደግሞ እናትሽ ናቸው። ልጆች ከአያታቸው ስልክ የሚሸሹት ወሬ ስለሚያጡ ነው። "ደህና ነሽ? በላሽ? ትምህርት እንዴት ነው?" ካለቀ በኋላ ምን ይወራል? በእጇ የተጀመረ ታሪክ ሲኖር ግን ወሬው ከእሷ ነው የሚመጣው።

ከሁሉ በፊት "ሃይዲ"ን ያዥላት። ጸሐፊዋ ዮሐና ሽፒሪ ስዊዘርላንዳዊት ነበረች፤ የጻፈችውም በጀርመንኛ ነው። መጽሐፉ በ1880 እና በ1881 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል የወጣ ሲሆን በጠቅላላው 23 ምዕራፍ አለው። ወላጆቿ የሞቱባትን የአምስት ዓመት ልጅ አክስቷ ተራራ ላይ ብቻቸውን ለሚኖሩ፣ ከመንደሩ ሰው ለተኳረፉ ወንድ አያቷ ትታት ትሄዳለች። ልጅቷ ቆጥ ላይ ድርቆሽ ተነጥፎላት ትተኛለች፤ ከእረኛው ከፔተር ጋር ፍየል ተከትላ ትውላለች።

እናቴ ያደገችው ደላንታ ነው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ስትተርክላት ያቋረጠቻት በምን መሰለሽ? "እዚያ አገር ጅብ የለም እንዴ? ፍየሎቹ ማታ የት ያድራሉ?" ልጅቷ መልሱን አላወቀችውም ነበር። መጽሐፉን ገልጣ፣ ገጽ እያገላበጠች፣ እያንዳንዱን ነገር ወደ አማርኛ እየመለሰች ፈለገችው፤ የአያትየው ፍየሎች ጎጆው አጠገብ በረት አላቸው፣ የሌላውን ሰው ግን ፔተር ማታ ማታ ወደ መንደር ይዞ ይወርዳል። እናቴም "እንግዲያው ደህና" ብላ ቀጥይ አለቻት። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ መምህር ከየት ይገኛል? እናቴ ልትፈትናት ብላ አልጠየቀችም፤ የምር ፍየሎቹ አሳስበዋት ነው። ልጅ ደግሞ ይህን ይለያል።

ከዚያ ሃይዲ ወደ ፍራንክፈርት ትወሰዳለች። እዚህ ላይ አዋቂዋ ልጅሽ ትሆናለች፤ የከተማውን ቤት፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የምትውለውን ክላራን፣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችውን ተቆጪ ሴትዮ ለአያቷ የምታስረዳው እሷ ናት። ሃይዲ ከማዕድ የተሰጣትን ነጭ ዳቦ ሳትበላ ቁም ሳጥን ውስጥ ታጠራቅማለች፤ አገሯ ያሉት ዓይነ ስውር የፔተር አያት ጠንካራውን ጥቁር ዳቦ ማኘክ አቅቷቸዋልና ልትወስድላቸው ነው። ተራራውን አያለሁ ብላ የቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ትወጣለች፤ የሚታያት ጣሪያ ብቻ ነው። በመጨረሻ ናፍቆቱ ጸንቶባት ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ እየተነሳች የቤቱን በር ትከፍት ጀመር። እናቴ "ታዲያ መለሷት?" ስትል ልጅቷ "እሱ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን የምትጠብቀው እናቴ ሆናለች።

የምዕራፍ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ታሪኩ ሳያልቅ ያቆምና ቀጠሮ ያሲዛል። ለወንዱ ልጅሽ የምመርጠው "ፒኖኪዮ"ም የተወለደው እንዲሁ ነው። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ ከ1881 ጀምሮ በልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ አወጣው። 15ኛው ምዕራፍ ላይ አሻንጉሊቱን አሰቅሎ ጨርሶት ነበር፤ አንባቢዎቹ ግን እምቢ አሉ። ጸሐፊው ተመልሶ ቀጠለ፤ በ1883 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ 36 ምዕራፍ ሆነ። ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ለሰባት ዓመት ልጅ ይስማማሉ፤ አንቺ ግን አብረሽው አንብቢ። እንደ ፊልሙ የለዘበ አይደለም። መካሪዋ ፌንጣ ገና በአራተኛው ምዕራፍ በመዶሻ ተመትታ ትሞታለች።

ስትመርጪ ምዕራፉን ቁጠሪ። ለልጆች እያሉ ያሳጠሯቸው፣ ጥሩ ጥሩው የተቆረጠባቸው ብዙ ናቸው። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን ተዋሺ። ሁለቱም የባለቤትነት መብታቸው ያለፈበት ስለሆነ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ስትተርክ ደግሞ አማርኛዋን አታርሚ። ጎደለብኝ ካለች አያቷ ይሞሉላታል። እንዲያውም ከክፍሉ ውጪላቸው።

መልስ፣ ከዋሽንግተን

እህቴ ጥሩ ብላለች፤ እኔ ግን በአማርኛ የተጻፈው ይቅደም ባይ ነኝ። እኛ በከበደ ሚካኤል "ታሪክና ምሳሌ" ያደግን ልጆቻችንን በፈረንጅ ፍየል ብቻ ልናሳድጋቸው ነው? ለትልልቆቹ ደግሞ የራሳችንን ተራራ የሚነካ መጽሐፍ አለ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. "ራስላስ"ን ሲጽፍ የአቢሲኒያ መሳፍንት በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ ብሎ ሸለቆውን በአማራ ግዛት ውስጥ አደረገው። የሐሳቡ ምንጭ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረው አምባሰል ያለው የግሸን አምባ ነው። ጆንሰን አገራችንን ረግጦ አያውቅም፤ ቀደም ብሎ ግን ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። ራስላስን ወደ አማርኛ የመለሰው ሲራክ ኅሩይ ነው። ምዕራፎቹ 49 ሲሆኑ አጫጭር ናቸው። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ልክ ነው፤ ከዚያ በታች ላለ ልጅ ይከብዳል።

መልስ፣ ከደሴ

ወንድም ዓለም፣ "ታሪክና ምሳሌ"ን ማን ይጠላል። እኔም ያደግሁበት ነው፤ ፊደል ለያዘ ልጅ ዛሬውኑ ይሰጠው። የዚህች እህታችን ልጅ ግን ፊደሉን ገና አልያዘችም። ባለ ፊደል እስክትሆን ድረስ አፏ ዝም ይበል? በያዘችው ቋንቋ ታንብብ፣ በአማርኛ ትተርክ። የምታወራው ነገር ስታገኝ ፊደሉንም ራሷ ትጠይቃለች፤ የእህቴ ልጅ ፊደል አሳዩኝ ያለችው የሃይዲን ስም ለአያቷ ጽፋ ልትልክ ነው። ግሸንን ስላነሳህልን ግን እግዜር ይስጥህ። የወንድሜ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለእሱ ይሆናል።

ጥያቄ፣ ከሽቱትጋርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሃይዲን ከቤተ መጻሕፍት አገኘሁላት፤ 23 ምዕራፉ ሙሉ ነው። አሁን የቸገረኝ የእናቴ ነገር ነው። ስልኳ ተራ ስልክ ስለሆነ በቪዲዮ አይሠራም፤ ልጅቷ ደግሞ ሥዕሎቹን ካላሳየኋት ትላለች። ሰዓቱስ እንዴት ይመቻል?

መልስ፣ ከደሴ

የሰዓቱ ነገር ቀላል ነው። በእናንተ በጋ በአንድ ሰዓት፣ በክረምታችሁ በሁለት ሰዓት እንቀድማችኋለን። ልጆቹ ምሳ በልተው ሲነሱ እዚህ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው። እናትሽ የት ሰፈር እንደሆኑ በግል ጻፊልኝ። ቅዳሜ ልጄን ልኬ አስመጣቸዋለሁ፤ በእኔ ስልክ ከእናቴ ጋር ሆነው ይስሙ። እናቴ መጨረሻውን አውቀዋለሁ ብላ እንዳትነግርባቸው አስጠነቅቃታለሁ። አንቺ እስከዚያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አስጨርሻት።