የሸረሪት ፓስታዬ መሃሉ አልበስል አለ

ሜሪላንድ ነው ያለነው። ቅዳሜ ሃሎዊን ስለሆነ ለልጆቹ የሚያስፈራ እራት ቃል ገብቻለሁ። (እናቴ ገና ከአሁኑ አማትባለች፣ እሷን ተዉአት።)

ሆት ዶግ በ3 ሳንቲሜትር ቆራርጬ በእያንዳንዱ 6 ጥሬ ስፓጌቲ ሰካሁና ጨው ባለው የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ ሲበስል እግረ ረጅም ሸረሪት ይመስላል። ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው 9 ደቂቃ ቀቀልኩት። እግሮቹ አሪፍ ሆኑ፣ ሆት ዶጉ ውስጥ የተደበቀው ግን ጥሬ ነው፣ ጥርስ ይሰብራል። ሁለተኛውን ዙር 14 ደቂቃ አቆየሁት። መሃሉ በሰለ፣ እግሮቹ ላሽቀው ተበጣጠሱ፤ ልጄ «ሸረሪቷን መኪና ገጫት?» አለኝ።

እግሮቹ ሳይላሽቁ መሃሉ እንዲበስል የቱን ልቀይር፦ የስፓጌቲውን ብዛት፣ ውፍረቱን ወይስ የሆት ዶጉን ርዝመት?