ከሚፈርስ ሕንፃ የሚወጡ ፍሎረሰንትና የሶዲየም አምፖሎች፦ ፍርስራሹ ወደ ጣና ዳር ከመጫኑ በፊት ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ የሳይት መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ አንድ አሮጌ የንግድ ሕንፃ ፈርሶ በምትኩ አዲስ ሊሠራ ነው፤ የማፍረሱን ሥራ የምከታተለው እኔ ነኝ። በክፍሎቹና በመተላለፊያዎቹ ሁሉ ወፍራም ፍሎረሰንቶች ተገጥመዋል፤ በግቢው ምሰሶዎች ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ብርሃን የሚሰጡ የሶዲየም አምፖሎችና አሮጌ የሜርኩሪ አምፖሎች አሉ። ባለቤቱ ፍርስራሹ በገልባጭ መኪና ተጭኖ በሐይቁ ዳርቻ ያለውን ረባዳ ይዞታቸውን እንዲሞላላቸው ይፈልጋሉ። አፍራሾቹ በበኩላቸው አምፖሉን ከኮርኒሱ ጋር አብረው ጥለው ቆራሌው ብረቱን ብቻ እንዲለቅም ማድረግን ለምደዋል። አምፖሎቹ ውስጥ ያለው ነገር ምን ያህል ያሰጋል? በሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ ከተፈለሰፉት መሣሪያዎችስ እኛ ከተማ ልንጠቀምበት የምንችለው የትኛው ነው?

መልስ 1፦ የኤሌክትሪክ መምህር

ጥያቄውን ሥራው ሳይጀመር በማቅረብዎ አመሰግናለሁ። እነዚህ አምፖሎች ሁሉ የሚያበሩት ኤሌክትሪክ በጋዝ ወይም በብረት ትነት ውስጥ ሲያልፍ በመሆኑ፣ አደጋቸውን ለመረዳት ፈልሳፊዎቹ ምን ለማግኘት ሲሉ ምን እንደጨመሩባቸው ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካዊው ፒተር ኩፐር ሂዊት እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ያገኘበት የሜርኩሪ መብራት ከክር አምፖል ይልቅ ኃይል ቆጣቢ ነበር፤ ይሁን እንጂ ብርሃኑ ቀይ ስለሚጎድለው የሰው ፊት አመድማ ሆኖ ይታይበት ነበር። ኤድመንድ ገርመርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1926 በጀርመን ባቀረቡት ሐሳብ፣ ከሜርኩሪው የሚወጣውን ዓይን የማያየውን ጨረር በቱቦው ውስጠኛ ገጽ የተቀባ ዱቄት ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1938 ለገበያ ያቀረበው ፍሎረሰንት በዚሁ መርሕ የሚሠራ ነው። እርስዎ ሲሰብሩት የሚቦነው ነጭ ዱቄት ይኸው ነው፤ አምፖሉ ባረጀ ቁጥርም ከሜርኩሪው አብዛኛው በዚህ ዱቄትና በመስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይገኛል።

ወፍራሞቹ፣ 38 ሚሊሜትር የሆኑት አሮጌ ቱቦዎች፣ እያንዳንዳቸው በአሥር ሚሊግራሞች የሚቆጠር ሜርኩሪ ሊይዙ ይችላሉ፤ ኋላ የመጡት 26 ሚሊሜትሮች ግን ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ይበቃቸዋል። የግቢዎ ብርቱካናማ አምፖሎች በስማቸው ሶዲየም ይባሉ እንጂ፣ ከፍተኛ ግፊት ያላቸው ከሆኑ በውስጣቸው ሶዲየምና ሜርኩሪ የተዋሐዱበት ቅይጥ አለ። ትኩስ ሶዲየም ተራ መስታወትን ስለሚበላ፣ ይህ አምፖል ሊሠራ የቻለው ሮበርት ኮብል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ብርሃን የሚያሳልፍ የአሉሚና ሴራሚክ ካገኘ በኋላ ነው። ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው፣ ፍጹም ቢጫ የሆነ ብርሃን የሚሰጡት ደግሞ ሜርኩሪ የላቸውም፤ ነገር ግን ንጹሕ ሶዲየም ውኃ ሲነካው ስለሚቀጣጠል እርጥብ ፍርስራሽ ላይ መጣል የለባቸውም።

ባላስቶቹንም፣ ማለትም ወደ አምፖሉ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚመጥኑትን ዕቃዎች፣ አይርሱ። ቆራሌው ለመዳቡ ሲል ይፈልጋቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ በፊት በተሠሩት መብራቶች ውስጥ ያለው ካፓሲተር ግን ፒሲቢ የተባለውን መርዛማ ዘይት ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ያበጠ ወይም የሚያንጠባጥብ ከሆነ እንዳይከፈትና እንዳይቃጠል ለብቻው ያስቀምጡት።

መልስ 2፦ የሲቪል መሐንዲስ፣ በማፍረስ ሥራ ልምድ ያለው

መምህሩ ያሉትን በሳይት ላይ ወዳለው ቅደም ተከተል ልመልሰው። ኤሌክትሪኩ ከዋናው ከተቋረጠ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መዶሻ ማንሳት ሳይሆን አምፖል ማውረድ ነው። ሁለት ሠራተኞች በመሰላል እየተቀባበሉ ሳይሰብሩ ያውርዱ፣ በካርቶን ያቁሙ፣ ካርቶኑን ከፀሐይና ከዝናብ በተጠበቀ፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ይቆልፉ። የተሰበረ ካለ ክፍሉን ለቅቆ መስኮት መክፈት፣ ከዚያም ስብርባሪውን በጠንካራ ወረቀት፣ ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ አንሥቶ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ማሸግ ያስፈልጋል። መጥረጊያ ዱቄቱን ያቦነዋልና ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

ስለ መሣሪያ ለጠየቁት፣ በ200 ሊትር በርሜል አፍ ላይ ተገጥሞ ቱቦውን እየሳበ የሚሰባብር፣ ትነቱን ደግሞ በማጣሪያና በአክቲቭ ካርቦን የሚይዝ ማሽን አለ። ነገር ግን ማጣሪያው በወቅቱ ካልተለወጠ ትነቱ በቀጥታ ወደ ሠራተኛው ይወጣል። በጋራዥ አስመስሎ ማሠራትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሳይሰበር በካርቶን የተቀመጠ ቱቦ ከማንኛውም ጎዶሎ ማሽን ይሻላል።

ለፍርስራሹ ግን መሣሪያው ለእኛም ቅርብ ነው። ኢላይ ዊትኒ ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1858 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ለመንገድ ጠጠር ድንጋይ በሁለት መንጋጋ መካከል የሚሰብር ክሬሸር ዛሬም በካባዎቻችን የሚሠራበት መርሕ ነው፤ ንጹሕ ኮንክሪትንም ለመንገድና ለወለል ሥር ወደሚሆን ጠጠር ይለውጣል። ንጹሕ የሚለውን ቃል ያስምሩበት፦ ፌሮው የወጣለት፣ ጅብሰም፣ እንጨትና የአምፖል ስብርባሪ ያልገባበት ማለቴ ነው። አንዴ ከተደባለቀ መለያየቱ ከማፍረሱ የበለጠ ያስወጣል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አምፖሎቹ ተለይተው ከወጡ በኋላስ የቀረውን ፍርስራሽ ለሐይቁ ዳር ሙሌት መጠቀም ይቻላል ማለት ነው?

መልስ 3፦ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ

አይቻልም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው። ረባዳ የሚባለው መሬት ደንገል የሚበቅልበት ከሆነ የዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉበት፣ ጎርፍ ደለሉን የሚያራግፍበት ስፍራ ነው። ያለ አምፖልም ቢሆን ትኩስ የሲሚንቶ ብናኝ የውኃውን አልካላይነት ከፍ ያደርጋል። ከዚህ የከፋው ጅብሰም ነው፤ በውስጡ ያለው ሰልፌት አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ምትክ የሚተነፍሱበት ነው፤ ሜርኩሪን በሕያዋን አካል ውስጥ ወደሚከማቸው መርዛማ ዓይነት፣ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ፣ ከሚለውጡት ዋነኞቹ ደግሞ እነዚሁ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሜቲል ሜርኩሪ ከደቃቅ ነፍሳት ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሹም ወደ አምባዛ እየተከማቸ ይሄዳል፤ የዓሣው ማብቂያ ደግሞ የባሕር ዳር ገበታ ነው። በጃፓን ሚናማታ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው ሕመም ሰዎችን ያገኘው በዓሣ በኩል ነበር። እርግጥ ነው፣ ያ ከፋብሪካ ለዓመታት የፈሰሰ ብዙ ሜርኩሪ ነበር፤ የአንድ ሕንፃ አምፖል ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ጣና ዳር ግን የሚፈርሰው አንድ ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ሐይቁም በአማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ ዳርቻው ላይ የሚጣለው ነገር ከውኃው የሚያርቀው የለም።

በዚያች ከተማ ስም የተሰየመው፣ ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ አባል አገሮች ፍሎረሰንቶችን ማምረትንና ከውጭ ማስገባትን እ.ኤ.አ. በ2027 መጨረሻ እንዲያቆሙ ወስነዋል። በአገራችንም የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕግ ስለ ግንባታ ፍርስራሽ፣ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ደግሞ ስለ አደገኛ ቆሻሻ ይደነግጋሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ገልባጭ መጫን የባለቤቱ የግል ምርጫ አይደለም።

ለባለቤቱ እንዲህ ብለው ያቅርቡላቸው፦ ኮንክሪቱና ድንጋዩ ተለይቶ ለአዲሱ ሕንፃ ወለል ሥር ይዋል፤ በዚህም የመጫኛና የጠጠር ወጪ ይቀንሳል። ጅብሰሙ ከውኃ ርቆ ከተማ አስተዳደሩ ወደፈቀደው ስፍራ ይሂድ። የታሸጉት አምፖሎችና ባላስቶች ብዛታቸው ተመዝግቦ፣ ፈቃድ ያለው ተረካቢ እስኪገኝ በባለቤቱ ኃላፊነት ይቀመጡ፤ የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤትም በደብዳቤ ያሳውቁ። ከአፍራሹ ጋር በሚፈረመው ውልም አምፖል ማውረዱ ራሱን የቻለ ክፍያ ያለው ሥራ ሆኖ ይግባ፤ ያልተከፈለበትን ሥራ ቀን ሠራተኛው በጥንቃቄ እንዲሠራ መጠበቅ አግባብ አይደለም።