ማስታወሻቸው ያምራል፣ ግጥም ሲሆን ግን ይሞትብኛል
ሰላም መምህራን። አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ የዕለት ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ እሱ ላይ ችግር የለም። ጣጣው የሚጀምረው «ከዚህ ውስጥ አንዱን ወደ ግጥም ለውጡት» ስል ነው።

አንዷ ልጅ «ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ድመቴ አልጋ ስር ገባች፣ ዓይኗ ብቻ ይታየኝ ነበር» ብላ ጽፋለች። እኔ እንኳ እንዲህ አልጽፍም! ግጥም አድርጊው ስላት ግን «ድመቴ ታምራለች፣ ሁሌ ትወደኛለች፣ ወተት ትጠጣለች» ሆኖ መጣ። ዝናቡም ዓይኑም የለም። ቤት መምታት ሲባል የገባቸው ይኸው ነው፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ስንኙ ሁሉ በ«ች» ያልቃል።

ምጣኔ (የስንኝ ልክ) ላስተምር ብዬ የወል ቤትን፣ ማለትም እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈልበትን 6 በ6ን፣ ሞከርኩ። ባሰብኝ። ቀለሙን ትተው ፊደል ይቆጥራሉ፤ ሳድሱ (እንደ «ች» ያለው ስድስተኛ ፊደል) በንባብ ሲዋጥ ግራ ይገባቸዋል (እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ እኔንም)።

አሁን ያሰብኩት ቤት መምታቱን ለጊዜው ትቼ፣ ከማስታወሻቸው አንድ ያዩትን ወይም የሰሙትን ነገር አስምረውበት፣ ትርፍ ቃል ሰርዘው፣ በአራት አጫጭር መስመር እንዲሰብሩት ነው። ግን ቤት የማይመታ ግጥም ካስለመድኳቸው በኋላ ወደ ቤት መምታት መመለስ ይከብደኝ ይሆን? እናንተ ከየትኛው ጀመራችሁ? ያንን የ«ች» ሰልፍስ በምን ሰበራችሁት? ለዚህ ዕድሜ የሠራላችሁ ልምምድ ካለ እባካችሁ በምሳሌ አሳዩኝ፤ ሰኞ ክፍል እገባለሁ።