አንዱ ምስክር ሳይሰማ የፈረመበት ኑዛዜ

ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመት በመንግሥት ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከቁጠባዬ 150 ሺህ ብር ፊደል ለቆጠርኩበት፣ አንኮበር አካባቢ ላለው ትምህርት ቤት ልተው ወስኛለሁ። የንባብ ክፍል ይሠራበት ብዬ ነው። እኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር የተማርነው። የቀረው ለሁለቱ ልጆቼ ነው፤ እነሱም ተስማምተዋል።

ኑዛዜውን ኮምፒውተር ቤት አስጻፍኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 881 በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ ስለሚል አራት ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ቡናው ቀርቦ ንባቡ ሳይጀመር አንዱ ለቅሶ ተጠርቶ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት መጥቶ በር ላይ እንደቆመ ፈረመልኝ። ሳይሰማው ነው የፈረመው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ደግሞ የዋዜማው ነው። አንድ ወዳጄ «ችግር የለውም» አለኝ፤ ሌላው «ይፈርሳል» አለኝ። እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሕግ የምታውቁ፣ አራቱንም ሰብስቤ ይህንኑ ወረቀት ባስነብብ ይበቃል ወይስ አዲስ ኑዛዜ ልጻፍ?