የሦስቱ ዕድሮች የልጆች ጤና ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እናርመው

ጸሐፊ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። እሑድ ከለቅሶ መልስ በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁን ጽፌዋለሁ። ሐሳቡ ሦስቱ ዕድሮች አንድ ሆነን ለልጆቻችን ጤና እንድንሠራ፣ ለደምበጫ ወረዳ ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም አንድ ማመልከቻ እንድናስገባ ነው። እስካሁን የጻፍኩት የትምህርት ቤቱን ሜዳ ማስተካከል፣ ኳስና መረብ መግዛት፣ የስፖርት ልብስ ማሰፋት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም ጠርቶ ልጆቹን ማስመርመር የሚል ነው። የጎደለውን ሙሉት፣ የተጣመመውን አቅኑት። ዕድር ለሞተ ሰው ብቻ መሆን የለበትም ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

አዲስ አበባ ያለ አባል፦ ሜዳውን እደግፋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ኳሱን እዚህ ያለን አባላት አዋጥተን እንልካለን።

መምህሩ፦ እግዜር ይስጥልን። ግን የእኛ ተማሪ ድካም አላነሰውም። ጎሕ ሲቀድ ከብት ያወጣል፣ ከሰዓት በላይ በእግሩ ይመጣል፣ ሲመለስ ውኃ ይቀዳል። የጎደለው ጨዋታ ነው፤ ድካምና ጨዋታ ደግሞ አንድ አይደሉም። ኳስ ሲመጣ ሜዳውን ትልልቆቹ ወንዶች ይይዙታል፣ ሴቶቹና ትንንሾቹ ዳር ቆመው ያያሉ። አባሮሽም፣ ድብብቆሽም፣ ገመድ ዝላይም ገንዘብ አይፈልጉም፤ ጊዜ ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ በረቂቁ ይህ ይግባልኝ፦ ልጅ አጠፋ ተብሎ የዕረፍት ሰዓቱን አይከልከል። እኔም ስከለክል ኖሬያለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውንም «ሰነፍ» ከማለቴ በፊት ቁርስ በልቶ እንደመጣ መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ነገር ገብቶኛል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ሐኪሙ በዓመት አንድ ቀን መጥቶ ያየውን እኔ በየሳምንቱ አየዋለሁ። ከስፖርት ልብሱ በፊት ውኃ፣ ሳሙናና ጫማ ይቅደሙ። ትራኮማ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄደው በዓይን ፈሳሽ ነው፤ በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ። ደጋግሞ የያዘው ልጅ አድጎ የዓይኑ ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። መከላከያው ፊት መታጠብ ነው፤ የትምህርት ቤታችን በርሜል ግን ባዶውን ቆሟል። ጫማውን ደግሞ አደራ። በዚህ በእኛ ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው እግሩ የሚያብጠው በእርግማን ወይም በዘር ኃጢአት አይደለም። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ይድናል።

የአንጀት ትልና የብልሃርዚያ ክኒን በትምህርት ቤት በዘመቻ መሰጠት ከጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተጠቅመናል። የብልሃርዚያው በባዶ ሆድ ሲዋጥ ያዞራል፣ ያስመልሳል። አንዱ ሲያስመልስ ያዩ ሌሎቹ እየሸሹ ይሄዳሉ። በክኒኑ ቀን ልጆቹን የሚያበላ ቢገኝ ሥራዬ በግማሽ ይቀልልኝ ነበር።

አናጺው አባል፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እስካሁን የተጻፈው ሁሉ «ተማሪ» የሚለው በትምህርት ቤት የተመዘገበውን ልጅ ነው። የቆሎ ተማሪውስ? ጎጃም በዋሸራና በዲማ ቅኔ ይኮራል፤ ቅኔውን የሚማረው ግን ልጅ ነው። እኔ ከቤት ስወጣ 9 ዓመቴ ነበር። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ በየደጁ ቆሜያለሁ። አንድ ጎጆ ውስጥ ተደራርበን ነው የምንተኛው፤ እከክ የገባ እንደሆነ አንዱ ታክሞ ሌላው ስለማይታከም ከርሞ ይመለሳል። ውሻ ነክሶኝ ቁስሌን በአመድ ሸፍኜ ዝም ያልኩበት ጊዜ አለ፤ ማን ወላጅ አለኝና ለማን ልንገር? የክኒኑ ዘመቻ ሲመጣ ስማችን በየትኛውም መዝገብ አልነበረም። ሌሊት ሌሊት እናቴን እያሰብኩ ያለቀስኩትንም ዛሬ ነው ለሰው የምናገረው።

የእናቶች ተወካይ፦ ልጄ፣ አንጀቴን በላኸው። ከደጄ ቆመው ሲለምኑ ቁራሽ እንጂ ሌላ ነገር ሰጥቼ አላውቅም። ቁስል እንዳለባቸው እንኳ አይቼ አላውቅም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፦ ይህ ከሁሉ በፊት ይጻፍ። ከእከክ የሚዳነው በአንድ ጎጆ የሚተኙት ሁሉ በአንድ ቀን ሲቀቡ፣ ልብሳቸውና ደበሏቸውም አብሮ ሲጸዳ ነው። በልብስ ቅማል የሚተላለፉት ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳትም እንዲሁ ናቸው፤ ልብሱ ካልተቀቀለ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። የውሻ ንክሻን ደግሞ እባካችሁ ለሁሉም ንገሩ፦ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር የለም፤ ቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል።

የዕድሩ ዳኛ፦ ሰማሁ። እኛ ያለን ነገር ሦስት ነው፤ ድንኳን፣ ጎላ ድስትና ጡሩምባ። በክኒኑ ቀን ድንኳኑ በቤተ ክርስቲያኑና በትምህርት ቤቱ መካከል ይተከል፣ በጎላው ንፍሮ ይቀቀል፣ ዋዜማውን ማታ ጡሩምባ ይነፋ። የጡሩምባው ድምፅ ለሞት ብቻ ስለሆነ ሰው እንዳይደነግጥ አስቀድመን በቅዳሴ መጨረሻ እናስነግራለን። የኔታን እኔ አነጋግራለሁ። ያለ እሳቸው ፈቃድ አንድ ተማሪ እንዳይነካ፤ ጉባኤውን የምንነቅፍ እንዳይመስላቸው።

አናጺው አባል፦ አንቱ ካሉ ይሆናል። የኔታ የሚሰጉት ልጆቹ ከትምህርቱ እንዳይወጡባቸው ነው። ከዜማ ሰዓት ውጭ፣ ከሰዓት በኋላ ይሁን።

መምህሩ፦ አናጺው ወንድማችን ስለ ሌሊቱ ልቅሶ ያነሣውን አናልፈው። ትምህርት ተቋርጦ ከርሞ የተመለሱ ልጆች አሉኝ። በር ሲላተም ከወንበር ሥር የሚገባ አለ። ድሮ ጎበዝ የነበረች፣ አሁን ስሟ ሲጠራ የማትመልስ አለች። ይህን በኳስ አንመልሰውም።

የእናቶች ተወካይ፦ የእኔም ሁለተኛው ልጅ በ11 ዓመቱ አልጋ ማርጠብ ጀምሮ ነበር። ገርፌዋለሁ። ፍርሃት መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ጎረቤት ቡዳ በልቶት ነው አለ፣ ጠበል ወሰድኩት፣ ጠበሉም አረጋጋው። ግን ደግሞ ማታ ማታ አጠገቡ ተኝቼ ተረት ማውራት ከጀመርኩ በኋላ ነው ያገገመው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፦ እትዬ፣ ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ ጤና ጣቢያውም አብሮ ይሁን። የአእምሮ ሕመም ሲሶ ያህሉ 14 ዓመት ሳይሞላ ነው የሚጀምረው። ልጅ «አዝኛለሁ» አይልም፤ «ሆዴን አመመኝ፣ ራሴን አመመኝ» ይላል፣ ከጓደኛ ይርቃል፣ እንቅልፍ ያጣል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወደ እኔ አምጡት። «ልሙት» የሚል ቃል የወጣው ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ አይጠበቅም፣ ብቻውንም አይተው።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን እንደገና ጻፍኩት። የስፖርት ልብሱ ወጥቷል፣ ሜዳው ወደ መጨረሻ ሄዷል።

«እኛ ሦስቱ ዕድሮች በአካባቢያችን ላለ ልጅ ሁሉ፣ በትምህርት ቤት የተመዘገበም ይሁን በአብነት ትምህርት ያለ፣ የሚከተለውን ለማድረግ ተስማምተናል። በትምህርት ቤቱና በቅኔ ቤቱ አጠገብ በጀሪካን የሚሠራ መታጠቢያ እናቆማለን፤ ውኃውን አባላት በተራ እንሞላለን። ጫማ ለሌለው ልጅ ጫማ እንገዛለን። በክኒኑ ቀን ምግብ እናቀርባለን። ወላጁ በአጠገቡ ለሌለ እያንዳንዱ የቆሎ ተማሪ አንድ ቤት ስሙን ይዞ በየሳምንቱ ይጠይቀዋል፤ ከታመመም ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል። በመጨረሻም የትምህርት ቤቱን ሜዳ እናስተካክላለን። ከወረዳው የምንጠይቀው የአብነት ተማሪዎች በክኒኑ መዝገብ እንዲገቡ፣ የእከክ መድኃኒት ለአንድ ጎጆ በሙሉ እንዲሰጥ፣ የልጆችን ጭንቀት የሚያይ ባለሙያ በወር አንድ ቀን እንዲመጣ ነው።»

አዲስ አበባ ያለ አባል፦ የኳሱ ገንዘብ ለጫማ ይሁን። የእግር ቁጥራቸውን ላኩልን፣ በግምት አንግዛ።

መምህሩ፦ የእኔ የዕረፍት ሰዓት ጉዳይ ቀርቷል።

ጸሐፊ፦ ይቅርታ መምህር፣ አሁን ጨመርኩት።

የዕድሩ ዳኛ፦ የኔታ ቅዳሜ ከሰዓት ይቀበሉናል። አናጺው አብሮኝ ይምጣ። የእግር መለኪያውን ክር እትዬ ያዘጋጁ።